የናፍጣ ሙቀት ሴንሰር ኮድ ሲመጣ፦ ስካነር፣ መልቲሜትር ወይስ አዲስ ሴንሰር?

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሃይሉክሴ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። 2.5 ሊትር ዲፎርዲ (የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ናት። ጉልበቷ ላይ ምንም የጎደለ አይመስልም፣ ጭስ የለም፣ አስነሳሷም ደህና ነው። መብራቱ ብቻ በራ። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ስካን ተደረገች፣ ፒ0183 የሚል ኮድ ወጣ። ልጁ ስክሪኑን አየና "ጋሼ፣ የናፍጣ ሙቀት ሴንሰር ነው፣ ይገዛ" አለኝ። ገዛሁ። ተቀየረ። ኮዱ ተሰረዘ። ቁልፉን ስንከፍት መብራቱ ወዲያው ተመልሶ በራ። ልጁ ትንሽ አሰበና "እንግዲያው ፖምፓው ነው" አለ።

ፖምፓ፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት የሚልከው ውድ ዕቃ፣ የሚለውን ቃል የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም። ያን ቀን መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ይህ ኮድ ሲመጣባችሁ ከፊታችሁ አራት መንገድ አለ። ርካሹን ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ገዝቶ ራስ ማየት፣ በመልቲሜትር (ቮልትና ኦም በሚለካ መሣሪያ) መለካት፣ ሴንሰሩን ቀይሮ መሞከር፣ ወይም ለደህና ባለሙያ መስጠት። አራቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው መጀመራችን ነው።

መጀመሪያ፣ ሴንሰሩ ምን ያደርጋል?

ናፍጣ ሲሞቅ ይሰፋል፤ በአንድ ዲግሪ ከመቶ 0.08 ገደማ። ትንሽ ይመስላል። ግን ጠዋት 15 ዲግሪ የነበረው ናፍጣ ረጅም መንገድ ተነድቶ 65 ሲደርስ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ክብደት 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ይቀጥናል፣ ፖምፓውን የማለስለስ ኃይሉም ይወርዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሙቀቱን ማወቅ ይፈልጋል። የሚረጨውን መጠን ያስተካክልበታል፣ በጣም ሲግል ደግሞ በአንዳንድ መኪና ጉልበት ይቀንስበታል።

ሴንሰሩ ራሱ ውስብስብ ነገር አይደለም። ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መከላከያው፣ በኦም የሚለካው፣ የሚቀንስ ሬዚስተር ነው። በቶዮታ ዲፎርዲ ሞተሮች፣ ማለትም በ1ኬዲ እና በ2ኬዲ፣ ከፖምፓው ላይ ተቦልቶ ይገባል። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ያሳያል፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ። ከኮምፒውተሩ ሁለት ሽቦ ይመጣል፤ አንዱ 5 ቮልት የያዘው ነው፣ ሌላው መመለሻው። በቃ፣ ሰርኪቱ (ኤሌክትሪኩ የሚዞርበት መንገድ) ሁለት ሽቦ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ ሴንሰር ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው። የሆነ ቦታ ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ሶኬቱ ከተነቀለ ቮልቱ ወደ 5 ይወጣል። ኮምፒውተሩ ይህን "በጣም ቀዝቃዛ" ብሎ ያነበዋል፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ። ኮዱ ፒ0183 ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ወይም 5 ቮልት የያዘው ሽቦ ብረት ከነካ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ "በጣም ሞቃት" ይላል፣ 140 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ። ኮዱ ፒ0182 ነው። ፒ0181 ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ይመጣል፣ ግን ከቀሪው ጋር አይገጥምም ማለት ነው። ፒ0184 ደግሞ መጣ ሄደ የሚል ግንኙነት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከዜሮ በታች 40 የደረሰ ናፍጣ የለም። ከኮዱ ስም ይልቅ ይህ ቁጥር ነው የሚናገረው።

ርካሹ ስካነር፦ ይጠቅማል፣ ግን ሁሉንም አያሳይም

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙት ትንንሾቹ የኢኤልኤም 327 ኮፒዎች በየሱቁ አሉ። ኮድ ያነባሉ፣ ኮድ ይሰርዛሉ። ለቤንዚን መኪና ብዙ ነገር ያሳያሉ። ለናፍጣ ግን አንድ ጉድለት አላቸው። የሞተር ውሃ ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት በሆነ መንገድ ይነበባሉ። የናፍጣ ሙቀት ግን በብዙ መኪና በአምራቹ የራሱ ቋንቋ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ተራው አፕሊኬሽን ጭራሽ ላያሳየው ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ናፍጣዎች ከነዚህ ስካነሮች ጋር አይግባቡም። ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛ ተውሳችሁ መኪናችሁ ላይ ሞክሩ።

ቁጥሩን የሚያሳይ ስካነር ካገኛችሁ ግን የሚደረገው ምርጥ ሙከራ አንድ ብር አያስወጣም። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ይደር። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ሦስት ቁጥር እዩ፦ የውሃ ሙቀት፣ የአየር ሙቀት፣ የናፍጣ ሙቀት። ሌሊቱን አብረው ያደሩ ናቸውና ሦስቱም መቀራረብ አለባቸው። 14፣ 15፣ 15 ካያችሁ ሰርኪቱ ቢያንስ በቅዝቃዜ ጤነኛ ነው። 14፣ 15፣ እና ከዜሮ በታች 40 ካያችሁ አንድ ነገር ተበጥሷል። 14፣ 15፣ 38 ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ ሳይበጠስ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ያዘነብላል።

ቁጥር የማያሳይ፣ ኮድ ብቻ የሚያነብ ስካነር ቢሆንስ? እሱም ከተጠቀሙበት ይበቃል። እንዴት እንደሆነ ከመልቲሜትሩ ጋር እመለስበታለሁ።

መልቲሜትር፦ እኔ የምመርጠው

አራቱን መንገዶች ካወዳደርኩ በኋላ አንድ ብቻ ያዝ ብባል ይህን እይዛለሁ። ዋጋው ከሴንሰሩ ያንሳል፣ ነገ ለባትሪም ለዲናሞም ያገለግላል። ውድ መሆን የለበትም። ዲጂታል ይሁን እንጂ። በአምፖል መሞከር ግን እዚህ ቦታ ክልክል ነው፤ አምፖል የሚስበው ጅረት ለኮምፒውተር ሰርኪት ብዙ ነው።

ኮፋኖውን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የኮመን ሬል ሞተር (እንደ ዲፎርዲ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ) ሲሠራ በወፍራሞቹ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ከ1,300 ባር በላይ ግፊት ሊኖር ይችላል። ቆዳ ይበሳል። ሞተር እየሠራ ምንም አትፍቱ፣ ናፍጣ የሚያፈስ ቦታም በጣት አትዳስሱ። ሁለተኛ፣ በቶዮታ ፖምፓ ላይ ሁለት ሶኬት ጎን ለጎን አለ። አንዱ የሙቀት ሴንሰሩ ነው፣ ሌላው የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠረው ቫልቭ። ቴርሚናሎቹን ለክታችሁ 2 ኦም አካባቢ ካሳያችሁ ቫልቩ ላይ ናችሁና ተዉት። ሴንሰሩ በኪሎ ኦም የሚቆጠር ነው።

አሁን ቁልፍ ዘግታችሁ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ። የሴንሰሩን ሁለት ፒኖች ለኩ። በቀዝቃዛ ጠዋት 2 ኪሎ ኦም ተኩል ወይም 3 አካባቢ ካሳየ ሴንሰሩ ቢያንስ አልተበጠሰም። ማለቂያ የሌለው መከላከያ ካሳየ ሞቷል። ዜሮ ቅርብ ከሆነ ውስጡ ተነካክቷል።

የኔ ሁለቱም ሴንሰሮች፣ አሮጌውም አዲሱም፣ 2.6 ኪሎ ኦም አሳዩ። ያኔ ነው የገባኝ። የጣልኩት ሴንሰር ምንም አልነበረበትም።

ቀጥሎ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተር አታስነሱ። ከሽቦው በኩል ባለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ቮልት ለኩ። 5 ቮልት አካባቢ መምጣት አለበት። ካልመጣ ጥቁሩን መለኪያ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ አዛውሩና እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ ለኩ። አንዱ ላይ 5 ቮልት ካገኛችሁ መመለሻው ሽቦ ነው የተበጠሰው። የትኛውም ላይ ከሌለ 5 ቮልት የያዘው ሽቦ ተበጥሷል ወይም ብረት ነክቷል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጠረጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ምክር፦ ወፍራሙን የመለኪያ ጫፍ በሴቷ ቀዳዳ ውስጥ አትሰኩ። ቀዳዳው ይሰፋና እናንተ የሠራችሁት አዲስ ብልሽት ይመጣል። ቀጭን መርፌ ከኋላ በኩል አስገብቶ መለካት ይሻላል።

የኔ ላይ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ዜሮ ነበር። ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ስለካ ግን አንዱ ላይ 5 ቮልት ሙሉ። መመለሻው ሽቦ ከሶኬቱ ሁለት ጣት ወረድ ብሎ፣ ልባሱ ሳይቀደድ፣ ውስጡ ተበጥሷል። በጣት ሲታጠፍ እንደ ክር ይለሰልሳል። ምናልባት አንድ ቀን ሲፈታ ሲገጠም ተጎትቶ ይሆናል።

ሁለት ሬዚስተር

ይህ ክፍል ከሁሉ የምወደው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ 2.2 ኪሎ ኦም እና 330 ኦም ሬዚስተር ግዙ። ሁለቱም ተደምረው ከማኪያቶ ዋጋ አያልፉም። እነዚህ የውሸት ሴንሰር ናቸው።

ሴንሰሩን ንቀሉና በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ መካከል 2.2 ኪሎ ኦሙን አገናኙ። ስካነሩ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ፣ በቶዮታ 22 ወይም 23 ዲግሪ አካባቢ ማንበብ አለበት። 330ውን ስታደርጉ ወደ 80 ይጠጋል። ሁለቱም ትክክል ከመጡ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው፣ ቀሪው ሴንሰሩ ብቻ ነው። ያኔ ሴንሰር ግዙ።

ለምን ሁለት? አንዱ አይበቃም? አይበቃም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሶኬቱ ውስጥ ዝገት ገብቶ 500 ኦም ጨመረ እንበል። ጠዋት፣ ሴንሰሩ 2 ኪሎ ኦም ተኩል ሲሆን፣ 500 ኦም ብትጨመር ንባቡ 5 ዲግሪ ያህል ነው የሚወርደው። ማንም አያስተውልም። የጠዋቱንም የሦስት ቁጥር ሙከራ ያልፋል። ናፍጣው 80 ደርሶ ሴንሰሩ 300 ኦም ሲሆን ግን ያችው 500 ኦም ንባቡን ወደ 50 ታወርደዋለች። ሠላሳ ዲግሪ ስህተት። "ሲቀዘቅዝ ደህና ናት፣ ረጅም መንገድ ስትሄድ ነው መብራቱ የሚበራው" የሚባለው ነገር አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። መልቲሜትሩም 5 ቮልት እያሳየ ሊያታልል ይችላል፤ መልቲሜትር ራሱ ጅረት ስለማይስብ የዛገውን ቦታ አያስጨንቀውም። 330ው ሬዚስተር ግን ያጋልጠዋል።

አሁን ኮድ ብቻ ወደሚያነበው ርካሽ ስካነር ልመለስ። ኮዱ ፒ0183 ከሆነ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሁለቱን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ አገናኙ፣ ኮዱን ሰርዙ፣ ቁልፉን እንደገና ክፈቱና አንብቡ። ወደ ፒ0182 ከተቀየረ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ሰምቷችኋል፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ፒ0183 ሆኖ ከቀረ ሽቦው ነው። ኮዱ መጀመሪያውኑ ፒ0182 ከሆነ ደግሞ ምንም ሳታገናኙ ሶኬቱን ብቻ ንቀሉ። ወደ ፒ0183 ከዞረ ሴንሰሩ ውስጡ ተነካክቷል። ካልዞረ ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል። አሥር ደቂቃ ነው። ሴንሰር ከመግዛቴ በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ!

ቀይሮ መሞከር፦ መቼ ያዋጣል?

አንዳንዴ ያዋጣል። ተመሳሳይ መኪና ያለው ጎረቤት ካላችሁ የሱን ሴንሰር ለአምስት ደቂቃ መዋስ ከሁሉ ይቀላል፤ የናንተን መፍታት እንኳ አያስፈልግም፣ ከውጭ ሶኬቱን ሰክቶ ማየት ይበቃል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ መግዛትም ይቻላል። ያገለገለ ከሆነ ግን ሱቁ በር ላይ በመልቲሜትር ለኩት። ሻጩ እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። አዲስ ኮፒና ኦሪጅናል መካከል ስትመርጡም ያው ነው፤ በ20 ዲግሪ ትክክል የሆነ ኮፒ ሴንሰር በ80 ሊስት ይችላል። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብረቱን ብቻ ነክሮ፣ ቴርሞሜትር አብሮ አስገብቶ ማየት ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታችን ነው። ስለዚህ "ፈላ፣ 100 ደረሰ" ብላችሁ ከሰንጠረዥ ጋር ካወዳደራችሁ ደህናውን ሴንሰር ትጥላላችሁ።

መፍታት ግድ ከሆነ መጀመሪያ አካባቢውን በደንብ ጥረጉ። ሴንሰሩ የሚገባው ዝቅተኛ ግፊት ባለበት በኩል ነው፣ ግን በዚያ ቀዳዳ የገባ አሸዋ ወደ ፖምፓው ውስጥ ነው የሚሄደው። የሁለት ሽቦ ብልሽት ፖምፓ ሆኖ ይቀርባል። ማሸጊያው ቀለበትም አዲስ ይሁን።

ለባለሙያ መስጠት የሚሻለው

ሴንሰሩ ከፖምፓው ውጭ የማይፈታባቸው መኪናዎች አሉ። ለምሳሌ የቆዩት የፎልክስዋገን ቲዲአይ ፖምፓዎች ሴንሰሩ ውስጣቸው ነው። እነዚህ ላይ በሶኬቱ በኩል መለካት ትችላላችሁ። ሴንሰሩ ሞቶ ከተገኘ ግን ሥራው የፖምፓ ባለሙያ ነው። እዚህ ላይ ማመዛዘን ይመጣል። መኪናው ያለ ችግር ከሄደና የቀረው መብራቱ ብቻ ከሆነ፣ ፖምፓው ለሌላ ምክንያት እስኪከፈት መጠበቅ ሞኝነት አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ንባቡን ትቶ በራሱ ግምት ይሠራል። ፍጆታው ትንሽ ሊዛባ፣ በሙቀት ጊዜ አስነሳሱ ሊከብድ ይችላል። አፋር ወርዳችሁ ከባድ ጭነት የምትጎትቱ ከሆነ ግን አትጠብቁ፤ ፖምፓውን ከግለት የሚጠብቀው ዓይን ጠፍቷል ማለት ነው።

ፒ0181 እና ፒ0184 ላይም ባለሙያ ይሻላል፣ የአምራቹን ፕሮግራም የያዘ ከሆነ። መጣ ሄደ የሚለውን ብልሽት ለመያዝ ቁጥሩን እያዩ ሽቦውን ማነቃነቅ ያስፈልጋል፣ ለዚህ ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል። ጋራዥ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ "የናፍጣ ሙቀቱ ስንት ይላል?" ቁጥሩን የሚያሳያችሁን ሰው ያዙ። የዕቃ ስም ብቻ የሚነግራችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

እኔ በመጨረሻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋር ሄድኩ። ሽቦው የት እንደተበጠሰ አሳየሁት። ሳቀ፣ ቆረጠው፣ በካውያ በየደው፣ ላዩ ላይ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ አለበሰው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል እዚያ ቦታ አይሠራም፤ ናፍጣውና ሙቀቱ ማጣበቂያውን ይፈታዋል። ሽቦውንም ትንሽ ለቀቅ አድርጎ አሰረው፣ ሞተሩ ሲንቀሳቀስ እንዳይጎተት። ሶኬቱን ሲከፍተው ውስጡ እርጥብ ነበር። "ላቫጆ ላይ ሞተሩን ታሳጥባለህ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በግፊት ውሃ እዚህ ጋ አታስረጭ" አለና የሶኬቱን የተሰነጠቀ ጎማ በጣቱ አሳየኝ።

አዲሱ ሴንሰር አሁን መኪናው ላይ ነው። አሮጌው ዳሽቦርድ መሳቢያ ውስጥ አለ። 2.6 ኪሎ ኦም፣ ሙሉ ጤነኛ። ተመሳሳይ ሃይሉክስ ያለው ጎረቤቴ ለሙከራ ሁለት ጊዜ ተውሶታል።